ያለ ሽቦ ወሬ ስለሚያቀብሉ ጥቃቅን ዘበኞች



ማሳውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ማማ ሠርቶ ልጁን ያስቀምጣል። ማሳው ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ ግን አንድ ማማ አይበቃምና በየዳርቻው ጠባቂ ይቆማል፤ አንዱ ያየውን ለሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ለሦስተኛው እየጮኸ ወሬው ከቤት ይደርሳል። ዛሬ የሚነገርለት የጥበብ ሥራ በአሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። በጠባቂው ልጅ ፈንታ የሚቆመው ግን ሁለት የባትሪ ድንጋይ ተሸክሞ ከነርሱ እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ ሴንሰር፥ በአማርኛም ዳሳሽ ይባላል። ሙቀትን፥ ርጥበትን፥ ብርሃንን ወይም የመሬትን መንቀጥቀጥ ዳስሶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩንም ያለ ሽቦ በራዲዮ ይልከዋል። ብዙ ዳሳሾች ተባብረው ሲሠሩ ገመድ አልባ የዳሳሾች መረብ ይባላሉ።

ይህ ጥበብ በሰፊው ከታወቀባቸው ሥራዎች አንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፥ በሜይን ባሕር ዳርቻ አጠገብ፥ ግሬት ደክ በምትባል ትንሽ ደሴት የተደረገው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያች ደሴት ሊችስ ስቶርም ፔትረል የምትባል የባሕር ወፍ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ትፈለፍላለች። ሊቃውንት ጠባይዋን ለማወቅ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን ወፊቱ ዕንቍላሏን በታቀፈች በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሰው የነካካት እንደ ሆነ ጉድጓዱን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ሊመረምር የሄደው ሰው ሊመረምረው የፈለገውን ነገር በገዛ እጁ ሊያጠፋው ነው።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ኩባንያ ሊቃውንት ከአትላንቲክ ኮሌጅ ጋራ ተባብረው በዚያ ዓመት 32 ዳሳሾች በደሴቲቱ ላይ አኖሩ። በጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ዳሳሽ የወፊቱን ሙቀት ከሩቅ እያወቀ መኖር አለመኖሯን ይናገራል፤ ወሬውም ተሰብስቦ በሳተላይት በኩል ሊቃውንቱ ካሉበት ይደርሳል። በ4 ወር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ቁጥር ተሰበሰበ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ዳሳሽ ወሬውን በቀጥታ ለተቀባዩ ይልክ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አንዱ ለሌላው እያቀበለ እንዲያሳልፍ ተደረገ።

የዚህ መሣሪያ አሠራር ሁሉ የሚገዛው በስንቁ ነው። በደሴቲቱ ላይ የታሰበው በሁለቱ የባትሪ ድንጋዮች 9 ወር እንዲቆይ ነበር፤ ድንጋዩን ልለውጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ መመላለስ የተሸሸገውን ጉዳት መልሶ ማምጣት ነውና። ከሥራው ሁሉ ስንቅ የሚጨርሰው በራዲዮ መናገርና ማዳመጥ ነው፤ ማሰቡ ርካሽ ነው። ስለዚህ ዳሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ በተወሰነለት ሰዓት ነቅቶ ይለካል፤ አጭር ቃል ተናግሮ ተመልሶ ይተኛል። የአእምሮውም መጠን ትንሽ ነበር፤ ለጊዜያዊ ሥራ የሚይዘው 4 ሺህ ያህል የላቲን ፊደል ብቻ ነው። በስንቅም በአእምሮም እንዲህ ድኻ መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ስለ ጥበቃው ሲነገር የሚያስቸግረው ይኸው ነውና።

ጥቅሙ በወፍ ብቻ አልቀረም። በ2005 ዓ.ም. በኤኳዶር ሬቬንታዶር በሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ 16 ዳሳሾች ተተክለው የተራራውን መንቀጥቀጥና ድምፅ አዳመጡ። በጎረቤታችን በኬንያ የሜዳ አህዮች በአንገታቸው ዳሳሽ ታስሮላቸው፥ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ አንዱ የሌላውን የመንገድ ወሬ እንዲቀበል በ2004 ዓ.ም. ተሞክሯል። በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት የተባለውን ታላቅ ድልድይ መወዛወዝ 64 ዳሳሾች ለክተዋል።

አሁን ግን ጥያቄ ይነሣል። ወሬ አምጪው የታመነ መሆኑ በምን ይታወቃል? ስለ ወፍ የተነገረ ሐሰት መጽሐፍ ያበላሻል፤ ስለ ጎርፍ ወይም ስለ ድልድይ የተነገረ ሐሰት ግን ሰው ይገድላል። በራዲዮ የመጣን ቃል ሳይመረምሩ ማመን ምን እንደሚያስከትል በአውስትራሊያ በማሩቺ ወረዳ በ2000 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ የፍሳሽ ውኃ የሚገፉት ጣቢያዎች በራዲዮ ይታዘዙ ነበር። ሥራ ጠይቆ የተከለከለ አንድ ሰው ራዲዮና ኮምፒዩተር ይዞ ራሱን እንደ ጣቢያ አስመስሎ የሐሰት ትእዛዝ ላከ፤ መሣሪያዎቹም ታዘዙለት። 800 ሺህ ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ መናፈሻ ፈሰሰ፤ የወንዙ ውኃ ጠቆረ፤ በውስጡ የሚኖሩትም ፍጥረታት ሞቱ። ሰውየው ተይዞ በ2001 ዓ.ም. 2 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በዳሳሾች መረብ ላይ ጠላት የሚያደርገው ተንኰል ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ሐሰተኛ ብዙ ስም ይዞ እንደ ብዙ ምስክር ይቆማል። ሌላው «አጭሩ መንገድ በእኔ በኩል ነው» እያለ የጎረቤቶቹን ወሬ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያም ይቀብረዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዳሳሹን እንቅልፍ መንሣት ነው፤ በከንቱ ጥሪ ደጋግሞ ቢቀሰቅሱት ስንቁን ጨርሶ ይሞታል፤ ይህንንም ስታጃኖና አንደርሰን የተባሉ የካምብሪጅ ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. ገልጸው ጽፈውታል።

መድኃኒቱ ከጥንት የታወቀው ማኅተም ነው። ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቍጥር፥ ቁልፍ የሚባለው፥ በመልእክቱ ላይ በስሌት ይታተማል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ማኅተሙን ሊያስመስል አይችልም። ረጅም ማኅተም ግን ራዲዮውን ያስለፈልፋል፤ ስንቁንም ይበላል። በበርክሌይ ካርሎፍ፥ ሳስትሪና ዋግነር በ2004 ዓ.ም. ታይኒሴክ የተባለውን ዘዴ ሲያወጡ 4 ባይት ብቻ ያለው አጭር ማኅተም መረጡ። ምክንያታቸውም መልካም ነበር። ሐሰተኛው በግምት ለማስመሰል ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ሙከራ ያስፈልገዋል፤ ያ ዝግተኛ ራዲዮ ደግሞ በሴኮንድ ከ40 ሙከራ በላይ አያሳልፍምና ከ20 ወር በላይ ይፈጅበታል። የመሣሪያው ድኽነት ራሱ ጋሻ ሆነ ማለት ነው። ራዲዮው ፈጣን በሆነበት ቦታ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ዳሳሹ በዱር ብቻውን የሚያድር ስለ ሆነ ሌባ አንሥቶት ቁልፉን ከሆዱ ሊያወጣ ይችላል። መረቡ ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚታተም ከሆነ አንድ ዳሳሽ በተሰረቀ ቀን ሁሉም ተሰረቀ። ስለዚህ ኤሸናወርና ግሊጎር የተባሉ ሊቃውንት በ2002 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ዳሳሽ ከብዙ ቁልፎች መካከል በዕጣ ጥቂቱን ማስያዝ፥ ጎረቤታሞችም በጋራ ባገኙት ቁልፍ እንዲነጋገሩ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ለዚህም ቦታ የሚሰጠው ያ ትንሽ አእምሮ ነው።

ደግሞም ማኅተም የተናጋሪውን ማንነት ይመሰክራል እንጂ የነገሩን እውነት አይመሰክርም። በግሬት ደክ ውኃ የገባባቸው ዳሳሾች ማንም ሳያታልላቸው ሊሆን የማይችል የርጥበት ቁጥር ይናገሩ ነበር። እንዲህ ያለው ወሬ የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ ወሬ ጋራ በማስተያየት ነው። ሊቃውንቱም ቁጥሩን ከመጣል ይልቅ መረመሩት፤ የርጥበት ወሬው የተዛባበት ዳሳሽ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ዝም የሚል ሆኖ ተገኘ።