ከሴራሚኩ ጀርባ


በዳንግላ ከተማ ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ቤት ዛሬም አለ። በእንዲህ ያለ ቤት ሻወር ሲገባ ባለቤቱ የሴራሚኩን ቀለም ይመርጣል፤ መሐንዲሱ ግን ከሴራሚኩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ መመርመር ይገባዋል። ውሃ በመጋጠሚያው ይሰርጋል፤ ጭቃው ይርሳል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ የሻወሩ ማዕዘን በብሎኬት ተሠርቶ ውሃ መከላከያ ይቀባ፤ ወለሉም በአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ማስወገጃው ያዘቅዝቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበው የእጅ መያዣው ብረት ነው። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ደንብ 113 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም መቻል አለበት። በጭቃ ላይ በፊሸር የተሰካ ብረት ይህን አይችልም፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል፤ በዕድሜ የገፉ እናት አምነው ይደገፉበታልና። ክፍት ብሎኬትም ቢሆን አያስተማምንም፤ ቡሎኑ የሚያርፍበት ረድፍ ሴራሚክ ሠሪው ከመግባቱ በፊት በኮንክሪት ይሞላ።