በበጋ ለሚደርቅ ስፍራ የሚስማሙ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች
(ለአሰንዳቦና ለአካባቢው መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ)



የጅማ ምድር በቡናና በለምለም ደን የታወቀ ስለሆነ፥ ስለ ደረቅ ስፍራ ተክል በአሰንዳቦ መነገሩ ሰሚውን ያስደንቀው ይሆናል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርድ መንገደኛ፥ በነሐሴ ለምልሞ ያየውን ሜዳ በጥር ሲመለስ ነጥቶና ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ መስከረም ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ያንሳል፤ በክረምት የተተከለ ችግኝም በብዛት የሚሞተው በእነዚሁ ወራት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ተተክሏል፤ ሆኖም ትምህርት ቤት ሊመዘግበው የሚገባው በሐምሌ የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በሚያዝያ ቆሞ የተገኘውን ነው።

ነገሩ የትምህርት ቤት ጥላ ብቻ አይደለም። በዚሁ አካባቢ የግልገል ጊቤ የመጀመሪያው ግድብ በ1996 ዓ.ም. ኀይል መስጠት ጀምሯል፤ ዐቅሙም 184 ሜጋ ዋት ነው። ዛፍ ከሌለበት ተዳፋት በክረምት የሚታጠበው አፈር ወደዚያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ገበሬው እርሻውን ያጣል፥ ሐይቁም በደለል ይሞላል።

ተካይ አስቀድሞ አፈሩን ይመርምር። ጥቁሩ መረሬ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፥ በበጋ እየተሰነጠቀ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ግራርን፥ ውሃ ለሚተኛበትም ሰስባንያን መትከል ይሻላል። በወንዝ ዳርና በጥልቅ አፈር ላይ ደግሞ ገርቢ የሚባለው የግራር ወገን ከሁሉ ይመረጣል። ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ ሌላው ሲራቆት እርሱ ይለመልማል፥ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል። ስለዚህ በእርሻ መካከል ቢቆም እህሉን ፀሐይ አይከለክለውም፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፥ ፍሬውም በድርቅ ወራት ለከብት መኖ ይሆናል። የአዳ ገበሬዎች ጤፋቸውን በሥሩ የሚዘሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

በቀዩ አፈርና በቡናው ዓጸድ ውስጥ ግን ሰሳ፥ ዋንዛና ብርብራ ይስማማሉ። ሰሳን የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ሙካ አርባ፥ ማለት የዝሆን ዛፍ ይለዋል። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃንን እያጣራ ለቡናው ያሳልፋል፤ ሲመሽም ይታጠፋል። ዋንዛ፥ ወዴሳ የሚባለው፥ አበባው ለንብ፥ ፍሬው ለልጆች፥ ግንዱም ለዕቃ ቤት ሥራ ይሆናል። ብርብራ አፈር ያዳብራል፤ ዘሩ ተወቅጦ ወንዝ ቢጨመር ግን ዓሣን ያደነዝዛልና ልጆች እንዳይጫወቱበት ማስተማር ያስፈልጋል።

ስለ ባሕር ዛፍ በየመንደሩ ክርክር አለ። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪታሰብ ድረስ ተደርሶ ሳለ፥ ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ሆነ። ባሕር ዛፍን የሚረግም ሰው ቀና ብሎ የቤቱን ጣራ ማገር ቢመለከት መልካም ነው። ይሁንና ውሃ ወዳድ ስለሆነ ከምንጭ አጠገብ፥ ከጎረቤት እርሻ ድንበርና ከቡና አጠገብ መተከል የለበትም። ለብቻው፥ ሌላ በማይበቅልበት ጥግ ይተከል፤ ተሸጦም ለትምህርት ቤቱ ደብተርና ጠመኔ ይግዛ።

ለአጥር ግራዋ ይበቃል፤ ቢቆረጥ ያቆጠቍጣል፥ ድርቅም ይችላል። ቅንጭብ ፈጥኖ የሚያድግ ጠንካራ አጥር ቢሆንም፥ ነጩ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕፃናት በሚውሉበት ቅጥር ፈጽሞ አይተከል።

ጉድጓዱ በግንቦት አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ፥ የላዩ አፈር ከታችኛው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሲተከል የላዩ አፈር ወደ ሥሩ ይመለሳል። ችግኙ ከመተከሉ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ጥላውና ውሃው እየተቀነሰ ፀሐይ ይልመድ። ላስቲኩ ሳይወልቅ የሚተከል ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ ይህ ስሕተት በዘመቻ ቀን በጥድፊያ ብዛት ይደረጋል። በተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ እርከን ቢሠራ የሚወርደውን ዝናብ ይይዛል። በኅዳር ደረቅ ሣር በዙሪያው ይነጠፍ፥ ነገር ግን ምስጥ እንዳይሳብ ግንዱን አይንካ። ውሃ በሚርቅበት ስፍራ አንድ ያልተለሰነ የሸክላ ማሰሮ ከችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ውሃ ይሞላና ይከደናል፤ ውሃው በሸክላው እየሰረገ ሥሩን ቀስ ብሎ ያጠጣዋል፥ ፀሐይም አይወስደውም።

የሚቀረው የጠባቂ ነገር ነው። መትከያው ሐምሌ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፥ ተማሪዎችም በየቤታቸው ናቸው፤ ፍየልና በሬ ግን ዕረፍት የላቸውም። ስለዚህ እስከ መስከረም ድረስ ከብት ከልክሎ ችግኙን የመጠበቅ ሥራ በሽማግሌዎች ፈቃድ በሰፈሩ ሰዎች ተራ ይሁን፤ ከጥቅምት ጀምሮ መምህሩ ለእያንዳንዱ ክፍል ችግኙን በቍጥር አስረክቦ፥ ልጆቹ ከቤታቸው በጣሳ በሚያመጡት ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ማሰሮውን እንዲሞሉ፥ የሞተውንም በመዝገብ ጽፈው በመጋቢት ለሽማግሌዎቹ እንዲያነቡ ያድርግ።