ሁለት የሕዝብ አውቶሞቢሎች፤ «ሞዴል ቲ» እና ቮልስዋገን
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሁለት አሮጌ አውቶሞቢሎችን ማወዳደር ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚመጥን ርእስ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን የፎርድ «ሞዴል ቲ» እና በአገራችን ቮልስ እያልን የምንጠራት መኪና፣ አንድ መሐንዲስ ንድፉን እስከ መቼ አጥብቆ መያዝ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

«ሞዴል ቲ» በ1908 ዲትሮይት ውስጥ ስትወጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ ጉልበቱ 20 ፈረስ ያህል ነበር። ለገበሬ የታሰበች በመሆኗ ከመሬት ከፍ ያለች፣ በመንደር አንጥረኛም ልትጠገን የምትችል ነበረች። ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ብቻ ከወንበሩ ሥር ወደ ካርቡረተሩ ይወርድ ስለ ነበር፣ ታንኩ ሲጎድልና ዳገቱ ሲጸና ሞተሩ ይጠማል፤ ሾፌሩም መኪናዋን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር። በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መሥመር ከተዘረጋ በኋላ፣ ሻንሲውን ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረው ከ12 ሰዓት በላይ የሆነ ጊዜ ወደ 93 ደቂቃ ዝቅ አለ፤ ከ825 ዶላር ይጀምር የነበረው ዋጋዋም በ1925 እስከ 260 ዶላር ወረደ።

ሄንሪ ፎርድ ግን ዋጋውን እንጂ መኪናዋን በመሠረቱ ለመለወጥ ፈቃደኛ አልነበረም። በ1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ ምርቷ ሲቆም፣ ተተኪዋ ገና አልተሰናዳችም ነበርና ፋብሪካዎቹ ለወራት ሥራ ፈቱ።

ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1930ዎቹ የነደፋት ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ዳገት ላይ ቆሞ የራዲያተር እንፋሎት ያየ ሾፌር የአየርን ጥቅም ያውቃል። በአንጻሩ የ«ሞዴል ቲ» ውሃ ያለ ፓምፕ፣ በሙቀት ልዩነት ብቻ ይዘዋወር ስለ ነበር መፍላት ያጠቃት ነበር። የቮልስን ነውርም አልሸሽግም፤ በቀድሞዎቹ ላይ በፈጣን መታጠፊያ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብዙ ሾፌር ያስደነግጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ከውጭ ስትታይ ያችው የምትመስለው ቮልስ በውስጧ ያለማቋረጥ ትለወጥ ነበር። በገመድ የሚሠራው ፍሬን በዘይት ተተካ፤ ባለ 6 ቮልቱ ኤሌክትሪክ 12 ሆነ፤ ሞተሯም እየሰፋ ሄደ። በእኔ አስተያየት ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 የ«ሞዴል ቲ»ን የምርት ብዛት ያለፈችው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን የቮልፍስቡርግ ሰዎችም ከፎርድ አደጋ ብዙ አልራቁም። በአንዲት መኪና ላይ ተደግፈው በመቆየታቸው በ1974 ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። በዚያው ዓመት የወጣችው ጎልፍ ሞተሯ ከፊት፣ ማቀዝቀዣዋም ውሃ ነበር። አሮጌዋ በቮልፍስቡርግ መሠራቷ በዚያው ዓመት ሲያበቃ፣ የመጨረሻዪቱ ግን ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ የተሠራችው በ2003 ነው።