የመስቀል አደባባይ ፀሐይ

እሷ፦ ሚያዝያ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው ፀሐይዋን ይንቃታል። ቆዳን በዋናነት የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እሱ፦ «ጥቁር ቆዳ ምን ይሆናል?» የሚሉሽ አሉ እኮ።

እሷ፦ በከፊል ልክ ናቸው። ሜላኒን ቃጠሎንና የቆዳ ካንሰርን ይቀንሳል፤ ማድያትን ግን አያስቀርም፣ ፀሐይ እንዲያውም ታባብሰዋለች። አልቢኒዝም ላለባቸው ያ መከላከያም የለም።

እሱ፦ ሰንስክሪኑስ? ኪስ ይጎዳል።

እሷ፦ እውነት ነው። ስለዚህ ከጃንጥላና ከሰፊ ባርኔጣ እንጀምር፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ መፈለግ ነው። ክሬሙን የቻለ በየ2 ሰዓቱ ይድገመው። ማድያት ላጥፋ ብሎ ስቴሮይድ ያለበት ማቅያ መቀባት ግን ቆዳውን አሳስቶ ለዚያችው ፀሐይ ይበልጥ ያጋልጠዋል።