«አንለያይም» ያሉ ተሳፋሪዎች

ተመራቂ መምህራን፤

የምረቃ ንግግር ሲረዝም አይወደድም። ስለ አንድ የሙያ ባልደረባችሁ ብቻ ላውጋችሁ። መምህር ሳላህ ፋራህ ይባላሉ። የኬንያ፣ የሶማሊያና የአገራችን ድንበር በሚገናኝበት በማንዴራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውም እስልምና ነበር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2015 የተሳፈሩበትን አውቶቡስ የአልሸባብ ታጣቂዎች ኤል ዋክ አካባቢ አስቆሙት። ተሳፋሪው የሚመጣውን ያውቀዋል። በኖቬምበር 2014 የቡድኑ ታጣቂዎች እዚያው ማንዴራ አካባቢ ሌላ አውቶቡስ አስቁመው፣ ሙስሊም ያልሆኑትን ለይተው 28 ሰው ገድለዋል። በኤፕሪል 2015 ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን በሃይማኖት እየለዩ ባደረሱት ጥቃት 148 ሰው አልቋል።

ትእዛዙ ያው ነበር፤ ሙስሊሞች ወደዚህ፣ ክርስቲያኖች ወደዚያ። ሙስሊሞቹ ግን አንለያይም አሉ፤ ወይ ሁላችንንም ግደሉን፣ ወይ ተዉን። ሴቶቹም ሒጃባቸውን ለክርስቲያን ተሳፋሪዎች አለበሱ። በጥቃቱ ሁለት ሰው ቢሞትም የታሰበው እልቂት ሳይፈጸም ቀረ። መምህር ሳላህ በጥይት ቆሰሉ፤ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ሕዝቡ በሰላም አብሮ እንዲኖር ተማጸኑ። ወር ሳይሞላቸው አረፉ።

ተመራቂዎች፤ አክራሪነት ጠመንጃ ከማንሳቱ አስቀድሞ ሰውን ይለያል። እውነቱ በእጄ ነው፣ የፈጣሪንም ፍርድ እኔው ልፍረድ ይላል። እኛም በቁጣ ሰውን በጅምላ ከለየን ሥራውን አገዝነው ማለት ነው። ኬንያ ይህንንም አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር ውስጥ በተካሄደ የፀጥታ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የሶማሌ ተወላጆች፣ ተይዘው በካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ነበር። ገዳይ ተይዞ ለፍርድ ይቅረብ፤ ርኅራኄ ወንጀል አይሸፍንም። በገዳይ ኃጢአት ጎረቤቱን መቅጣት ግን ሌላ በደል ነው። እኛም በዚያው 2015 አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ለገደላቸው ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ስናለቅስ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ የተተከለው የሐዘን ድንኳን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ጎን ለጎን አስቀምጧል።

ይህ ከእናንተ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ። የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልገው» በሉ፤ መምህሩ ሲሳሳት የሚታረም መሆኑን ያየ ልጅ፣ አልሳሳትም ባይን ሲሰማ ይጠራጠራል። ተማሪ ሲሞግታችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት። በስሙ ወይም በአለባበሱ የሚቀለድበት ልጅ ካለ እዚያው አስቁሙ፤ መለየት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጥላቻ ቃል ይዞ የመጣ ልጅ ቢያጋጥማችሁም ከማባረራችሁ በፊት አስቀምጡት፤ ቃሉን ከማን እንደሰማው፣ ምን እንደጎዳው ጠይቁት። ሰሚ ያጣ ልጅ የሚሰማው ሌላ ሰው ይፈልጋልና።

እምነታችሁን ተዉ እያልኩ አይደለም። መምህር ሳላህ ለክርስቲያን ወገናቸው የቆሙት ሙስሊምነታቸውን ሳይተዉ ነው።

በመስከረም ከፊታችሁ የሚቀመጡ ልጆች አደራ ናቸው። ማንም መጥቶ «የእኛን ከእነሱ ለዩልን» ቢላችሁ፣ ለይታችሁ አታስረክቡ።