የአባቴ መኪኖች
(በምሩቃን መገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጥናት ይቅርብን፤ የቤተሰብ ጨዋታ አምጪልን» ስላሉኝ ስለ ቤታችን መኪኖች ላወራችሁ ነው። ታገሡኝ፤ መጨረሻው ወደ ሙያችን ይመለሳል።

የመጀመሪያዋ እኔ ሳልወለድ የተገዛች ቮልስዋገን ነበረች። አባቴ መምህር ነበሩ። አራት ልጆች ከኋላ እንጠቀጠቃለን፤ ባትሪው ከመቀመጫችን ሥር ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት። ራዲያተር ስለሌላት የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ዓባይን ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ስንወጣ፣ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ሲያፈላልግ እኛ ቀስ እያልን እናልፋለን። አባባ ታዲያ «የእኛዋ ጾመኛ ናት፤ ውኃ አትቀምስም» ይሉ ነበር። የሰፈሩ አምቡላንስም እሷው ነበረች። ሌሊት በራችን ከተንኳኳ ምጥ ነው ማለት ነው።

በ1990 ዓ.ም. እኔ ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ እናቴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ስለነበር ቮልስዋ ተሸጠች። አባባ ሰባት ዓመት በእግራቸው ሄዱ። በ1997 ስመረቅ፣ ከመጀመሪያ ደሞዞቼ እኔም አዋጥቼ፣ አገሩ ሁሉ ዲኤክስ የሚላትን ቶዮታ ኮሮላ ገዛንላቸው። የእኔ ቪትዝ በኋላ መጣች፤ ስለ እሷ ብዙ የሚወራ የለም።

ዲኤክሷን አባባ እስከ 79 ዓመታቸው ነዷት። በጥቅምት ልጠይቃቸው ስሄድ በመኪናዋ ቀኝ ጎን ላይ አረንጓዴ ቀለም አየሁ። የግቢው በር ቀለም ነው። በወሩ ሌላ ጭረት፣ ያም በቀኝ። ከዚያ የቀኝ መስታወቷ ተሰበረ። ግላኮማ እይታን ከዳር እየበላ መሐሉን መጨረሻ ላይ እንደሚነካ፣ በሽተኛውም ብዙ ጊዜ እንደማይታወቀው ሁላችንም ተምረናል። እኔም ጠረጠርኩ። ግን ዝም አልኩ። ስንቱን በሽተኛ «እግርህ መቆረጥ አለበት» ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያለሁ፤ አባቴን «ቁልፉን ይስጡኝ» ማለት አቃተኝ።

በግንቦት ከቀኝ በኩል የመጣ ባለብስክሌት ልጅ ሳያዩት ገጩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ፤ አሁን ድኗል። የዓይን ምርመራውም የፈራሁትን አረጋገጠ። አባባ ቁልፉን ሳልጠይቃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፦

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«በጥቅምት ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ክንድ እስኪሰበር ምን ስትጠብቂ ነበር? አንቺ ሐኪም አይደለሽም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ወዳጆቼ፣ በሽተኛውን ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ እንጠይቃለን። «መኪና ይነዳሉ?» የምንል ግን ስንቶቻችን ነን? የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ኢንሱሊን የሚወስደውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የምናዝለትን? እኔ አልጠይቅም ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ። መምህራኖቻችንም ይህቺን አንዲት ጥያቄ ለተማሪዎቻችሁ ብታስለምዱልን ደስ ይለኛል። ግላኮማ በዘርም ስለሚሄድ እኔና ወንድሞቼ ተመርምረናል። ወላጆቻችሁ ግላኮማ ካለባቸው እናንተም ቀጠሮ ያዙ፤ ሐኪም ራሱን እንደሚረሳ አውቃለሁና።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል፤ ታናሽ ወንድሜም በቅርቡ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ገዝቷል። አባባ ከጎኑ ይቀመጡና መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ «አሁን ሞተሩ ተነስቷል?» ይሉታል። በየበዓሉ መጀመሪያ የሚወስዳቸው ወደዚያ ልጅ ቤት ነው።

ወደ ቤት ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ንዱ።