የዐፀዳችን ሕያው አጥር
በሐረር ከተማ ለደብር አስተዳዳሪዎችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር



ከተማችን መከለልን ጥንት የተማረች ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ ዛሬም ቆሟል። በውስጡ ያለው የሐረሪ ቤትም ግቢውን በድንጋይ ከልሎ፣ በጠባቡ መንገድ የሚያልፍ ሰው የቤተሰቡን ገመና እንዳያይ ሆኖ የተሠራ ነው። የሰው ግቢ አለማየት በዚህ አገር የመከባበር ምልክት ነው።

የእኛም ዐፀድ ይህ ክብር ይገባዋል። ከጀጎል ውጭ ባሉት አጥቢያዎች የቤተ ልሔሙ ሥራ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያና መካነ መቃብሩ ከመንገድም ከፎቅም እንዳይታዩ እንፈልጋለን። የድንጋይ አጥር የመሥራት አቅም ያነሰው ሰበካ ፊቱን ወደ ተክል ቢያዞር ተገቢ ነው። ሆኖም ቶሎ ማደጉን ብቻ አይተን እንዳንመርጥ አደራ እላለሁ።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከሥሩ ይራቆታል፣ በአጠገቡም ሌላ ተክል በቀላሉ አያሳድግም፣ ውኃም አብዝቶ ይጠጣል። ለብዙ ዓመታት የሐረርን ሕዝብ ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየን ሰዎች የውኃን ነገር ቀላል አናደርገውም። ቅንጭብ ከቁራጭ በቀላሉ ይይዛል፤ ወተቱ ግን ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕፃናት በሚውሉበት ቅጽር አይመከርም። የወፍ ቆሎም አበባው ቢያምር፣ ፍሬውን ወፎች እየበተኑት የጎረቤትን ማሳና ግጦሽ ይወርራል።

ለእኛ የሚስማሙት ሰንሰልና ክትክታ ናቸው። ሁለቱም የአገራችን ተክሎች ናቸው፤ ከብትም እምብዛም አይበላቸውም። ሰንሰል ርጥበት ባለበት ቦታ ከቁራጭ ይበቅላል። ክትክታ ደረቅና ድንጋያማውን መሬት ይችላል፤ የሚተከለውም በችግኝ ነው። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮ ይቆይ፤ ተከላው ክረምቱ ሲገባ ይሁን። ተክሉ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጫፉ ይቆረጥ። ለሚቸኩል ሰው ይህ ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ከሥር የሚያቆጠቁጠውና ጥቅጥቅ የሚለው ግን ሲከረከም ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። 100 ሜትር አጥር በሁለት ረድፍ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል 400 ያህል ችግኝ ይፈልጋል። በበጋ ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ቢደርሰው አንድ ዙር 800 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 4 በርሜል ይሆናል። ይህን ያህል ውኃ የማያገኝ ሰበካ ዘንድሮ 25 ሜትር ብቻ ይትከል፤ 1 በርሜል ይበቃዋል። በሐምሌ 400 ተክሎ በጥር ባዶ ጉድጓድ ከመቁጠር፣ 100 ተክሎ 100 ማጽደቅ ይሻላል።

ከዚህ አጥር በስተ ውስጥ ጽድና ወይራ እንትከል። ሰንሰሉና ክትክታው የመንገደኛውን ዓይን ይከልላሉ፤ ጽዱ ሲያድግ የፎቁን ይከልላል። እነዚህ ዛፎች አዝጋሚ ናቸው። ዛሬ በጥንታውያን አድባራት የምንጠለልበትን ጽድ የተከሉት አባቶችም ጥላውን ለራሳቸው አላሰቡትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። በጀጎል ውስጥ ከግንብ ጥግ ዛፍ አይተከል። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ሥር የሚያሰፋው ስንጥቅ የሁላችንም ጉዳት ነው። ሁለተኛ፣ ከመትከላችን በፊት ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ጎረቤታችንን እናነጋግር፤ የእርሱን መሬት ሳንረግጥ መከርከም እንድንችልም ከወሰኑ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ እንግባ። ከጎረቤት ጋር ሳይመካከሩ የተከሉት አጥር ገመናን ቢሸፍንም ሰላምን ያሳጣል።